እሳት ለማጥፋት የሚገባው ሰው በየት በኩል ይወጣል?

በማንኪራ የቡና ደን ዳር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ ጅማን አልፈን፣ ጎጀብን ተሻግረን ቦንጋ እስክንደርስ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። ከቦንጋ ማንኪራ የሚያደርሰው መንገድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሁላችንም በወገባችን አውቀነዋል። ይህን ማንሣቴ ስለ መንገዱ ለማማረር አይደለም። ውሃ የጫነ የእሳት አደጋ መኪና በዚህ መንገድ እስኪደርስ ድረስ እዚህ የተነሣ እሳት ቆሞ እንደማይጠብቅ ለማስታወስ ነው።

ማንኪራ በካፋ ሕዝብ ዘንድ የቡና መገኛ ተብሎ የሚከበር ስፍራ ነው። ከፊታችን ባለው ደን ውስጥ ቡናው ማንም ሳይተክለው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ዓለም የተቀበለው ይህንኑ ሀብት ነው። ስለ ሀብቱ ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ ልናገር የምፈልገው ግን ሀብቱ በእሳት ቢያዝ ለማዳን ስለሚሮጠው ሰው ነው። የንግግሬም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ እሳት ለማጥፋት የሚገባው ሰው በየት በኩል ይወጣል? የሚል ነው።

ብዙዎቻችን አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሞተ ሲባል በነበልባል ተቃጥሎ የሞተ ይመስለናል። መዝገብ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። የእነዚህን ሠራተኞች ሞት በየዓመቱ መዝግባ በምታትመው በአሜሪካ፣ ለአያሌ ዓመታት ትልቁን ድርሻ ይዞ የኖረው ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ከባድ ልብስ ለብሶ፣ የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ፣ በብርቱ ሙቀት ውስጥ ደረጃ የሚወጣ ሰው ልቡ ከአቅሟ በላይ ትሠራለችና። ከዚህም ሌላ ወደ እሳቱ ሲከንፍ የሚገለበጥ መኪና አለ፤ የሚደረመስ ጣሪያ አለ፤ መብራት ሳይቋረጥ የተረገጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ጢሱም ራሱን የቻለ ገዳይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ሲቃጠል ደግሞ ሲያናይድ ያለበት ጋዝ ይወጣል። ከእሳቱ በሰላም የተመለሰውም ቢሆን ገና አልዳነም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ሥራዎች መካከል መድቦታል።

እንግዲህ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ስንመረምራቸው፣ አብዛኞቹ እሳቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ የተወሰኑ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጣሪያው በምን ተሠራ? በሩ ስንት ነው? የመብራቱ ማጥፊያ የት ነው? መኪናው ፍሬኑ ተመርምሯል ወይ? ሠራተኛው የልብ ምርመራ አድርጓል ወይ? ብረት 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን እንደሚያጣ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ በቤት እሳትም ይህ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚደረስበት እናውቃለን። ስለሆነም ጉዳዩን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ጀግንነት ብቻ ትተን ልንቀመጥ አይገባንም።

እኔ ራሴ የምመሰክርበት አንድ ሥራ አለኝ። ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድ ቡና መጋዘን ንድፍ ሠርቼ ነበር። ባለቤቱ የሚፈራው ሌባን ስለነበረ በሩ አንድ ብቻ፣ መስኮቶቹም ከፍ ያሉና በብረት ዘንግ የታጠሩ ሆኑ። ንድፉ ጸደቀ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ከጊዜ በኋላ ከጆንያዎቹ መካከል እሳት ሲጤስ ተገኘ። የጆንያ እሳት ነበልባሉ ጥቂት፣ ጢሱ ግን ብዙ ነው። ጢሱን ለማስወጣት የሚከፈት መስኮት ስላልነበረ፣ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ቆርቆሮ ሊገነጥል ጣሪያው ላይ ወጣ። እግሩ በሁለት ማገሮች መካከል ስሱ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ቆርቆሮው ከዳውና ወደ ውስጥ ወደቀ። በሕይወት ወጥቷል፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚያ በኋላ ንድፌን አውጥቼ ተመለከትሁት። የቡናው ክብደት ተሰልቷል፤ የነፋሱ ግፊት ተሰልቷል፤ የዝናቡ ውሃ መውረጃ ተሥሏል። እሳት ሊያጠፋ ለሚመጣ ሰው ግን አንድም መስመር አልተሠመረለትም ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኋችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1999 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በተባለች ከተማ፣ ሥራ ያቆመ የማቀዝቀዣ መጋዘን ተቃጠለ። ውስጡ መጠጊያ የሌላቸው ሰዎች አሉ ስለተባለ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገቡ። ሕንፃው መስኮት አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ግድግዳው ቅዝቃዜን እንዲይዝ በቡሽና በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለነበረ ጢሱ ጠቆረ፤ ሁለቱም መውጫው ጠፋባቸው። እነርሱን ፍለጋ ከገቡት ደግሞ አራቱ አልተመለሱም። ስድስቱም የሞቱት ሰው ለማዳን ሲሉ ነው፤ ይዳናሉ የተባሉት ሰዎች ግን ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። የስድስት ሰው ሕይወት ያጠፋው አንድ በቀላሉ ሊገኝ የሚችል ወሬ በጊዜው አለመድረሱና የሕንፃው መውጫ አልባነት ነበር።

አሁን ከመጋዘኑ ወጥተን ከፊታችን ወዳለው ደን እንመለስ። የካፋ ደን እርጥብ በመሆኑ እንደ ቆላ ሣር ቶሎ አይነድም። ሆኖም የበጋው ወራት ሲረዝሙ መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠል ይደርቃል። ማሳ ለማዘጋጀት የተለኮሰ እሳት ሊያመልጥ፣ ቀፎ የሚያጤስ ማር ቆራጭ ከዛፍ ላይ ችቦ ሊጥል ይችላል። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ለአጥፊው ሰው ሁለት ነገሮች እጅግ ያሰጋሉ። አንደኛው ውስጡ ባዶ የሆነ ያረጀ ዛፍ ነው፤ እሳት ግንዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ጭስ ማውጫ ይነድና ከሰዓታት በኋላ፣ እሳቱ ጠፋ ተብሎ ሰው ሲያርፍ፣ ድንገት ይወድቃል። ሁለተኛው ዳገት ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ስለሚያደርቅ፣ መሬቱ 10 ዲግሪ ባዘመመ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል እንደሚጨምር ባለሙያዎች ይገምታሉ። ዳገት የሚሮጥ ሰው ግን በየእርምጃው ይደክማል።

ይህን በግልጽ የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 በሞንታና፣ ማን ገልች በተባለ ሸለቆ የደረሰው አደጋ ነው። 16 ሰዎች ወደ እሳቱ ሲወርዱ እሳቱ ከበታቻቸው ዞሮ ተነሣባቸው፤ ሽቅብም አባረራቸው። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኩሶ፣ በተቃጠለው አመድ ላይ ተኛና እሳቱ በላዩ አለፈ። ሌሎቹን ቢጠራቸውም ነገሩ አስቀድሞ ያልተማሩት ስለነበረ አልተከተሉትም። 13 ሰዎች ሞቱ። አገሪቱ ከዚህና ከሌሎች መሰል አደጋዎች የተገኘውን ትምህርት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1957 ለደን እሳት ተከላካዮች 10 ቋሚ ትእዛዞችን አወጣች። ከትእዛዞቹ አንዱ የመሸሻ መንገድህን አስቀድመህ እወቅ የሚል ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሪዞና፣ ያርኔል ሂል ላይ 19 የሠለጠኑ ሰዎች በአንድ ቀን አልቀዋል። ሠልጥነው፣ ታጥቀውና ተመዝግበው እንዲህ ከሆኑ፣ ያልሠለጠነው ሰው ምን ያህል ይጋለጥ ይሆን?

በአገራችን የደን እሳት የሚያጠፋው በአብዛኛው ይኸው ያልሠለጠነ ሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በቦረና ደኖች ላይ እሳት ሲነሣ፣ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። እሳቱን ፊት ለፊት የገጠመው ግን ቅጠልና መቆፈሪያ የያዘ ገበሬ፣ ወታደርና ተማሪ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠልም፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ቡድን እስኪደርስ ድረስ በገደሉ አፋፍ ላይ ጓሳውንና አስታውን ሲቀጠቅጥ የከረመው ያገሬው ሰው ነው። ነገ በማንኪራም የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። ጩኸት ሲሰማ፣ ቡናውን የሚለቅመውና ማሩን የሚቆርጠው ይኸው ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ ይወጣል።

ይህ ሰው ቢጎዳስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አንድ ሠራተኛ በሥራው ቦታ የደረሰን ድንገተኛ አደጋ ለመከላከል ሲል ቢጎዳ፣ ትእዛዝ ባይሰጠው እንኳ፣ ጉዳቱን በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጥርለታል። ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው አሠሪ ላለው ሠራተኛ ነው። የማንኪራው ገበሬ አሠሪው ማን ነው? ደኑ የዓለም ሀብት ነው እንላለን፤ ለደኑ ሲል እግሩ የተሰበረውን ሰው ግን ለዕድሩና ለዘመዱ እንተወዋለን። የጋራ ሀብት ለማዳን የወጣ ሰው ጉዳቱም የጋራ ሊሆን ይገባል።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኛ የምንሠራው ማናቸውም ንድፍ እሳት ሊያጠፋ የሚገባውን ሰው ይቁጠር። ሁለተኛ በር፣ የሚከፈት ጢስ ማውጫ፣ ጣሪያ ላይ መራመጃ፣ ከውጭ የሚደረስበት የመብራት ማጥፊያ፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። በወረቀት ላይ ሳሉ ዋጋቸው እርሳስ ነው።

ሁለተኛ፣ በደን ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ሥልጠናና መሣሪያ ይሰጥ። መሣሪያ ስል ሄሊኮፕተር ማለቴ አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ ነፋሱን የሚመለከት አንድ ሰው፣ የሚሰማ ፊሽካ፣ በበጋ መግቢያ የተጠረገ የመሸሻ መንገድ፣ ሁሉም የሚያውቀው መሰብሰቢያ፣ ሲገቡና ሲወጡ ስም የሚቆጥር ሽማግሌ ይበቃሉ። ከሕዝቡም የምንማረው አለ። ግንዱም ቅጠሉም ውሃ ያዘለው እንሰት በቤቱ ዙሪያ ተተክሎ ስናይ፣ ምግብ ብቻ ሳይሆን ለእሳት የማይመች አረንጓዴ ቅጥር መሆኑንም እንገንዘብ።

ሦስተኛ፣ እሳት ሲያጠፋ የሞተም ሆነ የተጎዳ ሰው ሁሉ፣ ደመወዝተኛም ይሁን ገበሬ፣ ይመዝገብ፤ ምክንያቱም ይመርመር። ምርመራው ጥፋተኛ ፈልጎ ለመቅጣት ሳይሆን የሚቀጥለውን ሰው ለማዳን ይሁን። ማኅበራችንም ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ መሐንዲስ ያለ ክፍያ ይመድብ። የመጀመሪያው ተመዳቢ ለመሆን እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤ በሞቱት ላይ ሐውልት ማቆም መልካም ነው፤ ከሐውልቱ በፊት ግን በሩን እንሥራ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደኑን ስንጎበኝ ቡናውን ብቻ አንመልከት። እያንዳንዳችን ለአፍታ ቆም ብለን፣ እሳት አሁን ከዚህ ቁልቁለት ሥር ቢነሣ ይህ መንገድ የሚመራን ሰው በየት በኩል ይወጣል ብለን እንጠይቅ። መልሱን ካላገኘን፣ ሥራችን ገና አላለቀም ማለት ነው።