ዋልያን በማልያ ላይ ብቻ ለምናውቅ
(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ የስሜን ተራሮችን ፎቶ ሼር አድርጎ የማያውቅ አለ? የለም። ሄዶ በዓይኑ ያየስ? አያችሁ፣ እዚህ ላይ እጁ ይቀንሳል። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «ዋልያዎቹ!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን፤ ዋልያን ግን የምናውቀው በማልያ ነው። ይሄን የምለው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ኪስ ባዶ ነው፣ መንገዱ ሁልጊዜ አያስተማምንም፣ ትምህርት ቤትም ከግቢ አውጥቶ ያሳየን ጥቂቶቻችንን ነው። ይሁንና «አገሬ» የሚለው ቃል በቀን አሥር ጊዜ ከአፋችን አይጠፋምና ስለ መሄድ እናውራ።

ካርታ ላይ ካያችሁ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ሐሩር በሚባለው ቀጠና ውስጥ ናት። የውጭ ሰው «ሐሩር አገር» ሲባል የሚያስበው ዘንባባና የባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ጋ ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ዳሎል ተነስተህ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሽን ትደርሳለህ። አያቶቻችን ይሄን በሜትር አልለኩትም፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው በሚዘሩት እህልና በሚለብሱት ልብስ ለዩት። ጭላዳም፣ ዋልያም፣ ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር የማይገኙት ለዚህ ነው። ደጋው በቆላ እንደተከበበ ደሴት ነው፤ እዚያ የቀረ እንስሳ እዚያው ለብቻው ሌላ ሆነ።

አሁን ወደ ስሜን እንውጣ። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ ከፈለጋችሁ አስጎብኚና በቅሎ ትከራያላችሁ። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያላችሁ በገደሉ አፋፍ ላይ ትጓዛላችሁ። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ሣር ሲነጩ መሐላቸው ብትቀመጡም ግድ አይሰጣቸውም። ሲመሽ ደግሞ እናት ልጇን አዝላ፣ እኛ አጎንብሰን ለማየት የምንፈራውን ገደል እየወረደች ልትተኛ ትሄዳለች። ዋልያውን ለማየት ጨነቅ ይሻላል፤ በጠዋት መነሳት ግን ግድ ነው።

ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር አብሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በመጀመሪያው ዝርዝር ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዋልያው ቁጥሩ ተመናምኗል፣ እርሻና ከብት ወደ ፓርኩ ገብቷል ተባለ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዜናው ሲሰማ ሁላችንም «እንኳን ደስ አለን» ተባብለናል። ቆይ ግን፣ እንዴት ወጣ?

ከምክንያቶቹ አንዱ ግጭ ነው። ግጭ ዛሬ የድንኳን ማረፊያ ስም ሆኖ ይቅር እንጂ መንደር ነበር፤ በዚያ ብርድ ገብስ የሚዘራ፣ በግና ፈረስ የሚያረባ ሕዝብ ያለበት መንደር። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚያ ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ካሳ ተሰጥቷል፣ ቤት ተሠርቷል። ሣሩም አገገመ። ግን የገብስ ገበሬ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ከተሜ ሲሆን ምን በልቶ ያድራል? ልጁስ ምን ሥራ ይዞ? እኔ መንደሩ መነሳት አልነበረበትም አልልም፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሲታረስ አፈሩ እንዴት እንደሚሄድ ያየ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይፈርድም። የምላችሁ ሌላ ነው። እኛ ፎቶ የምንነሳበት ሜዳ የሰው ጓሮ ነበር። ደባርቅ ስትደርሱ በቅሎ የሚጭንላችሁ ወጣት ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ዋጋ ደግሞ አትከራከሩበት እባካችሁ! ከተማ ውስጥ ለአንድ ማኪያቶ የምንከፍለውን እያሰብን።

ሕዝቡ ሳይነሳ የተጠበቀ ቦታም አለን። መንዝ፣ ጓሳ። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይኬዳል፤ ቀይ ቀበሮ ለማየት ከተመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የመንዝ ሰው ይሄን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ እንደኖረ ይነገራል። አለቃ ይመርጣል፣ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፍታል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ተሰብስቦ እንደገና መጠበቁን ያዘ፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከውጭ የመጣ ሥልጠና ሲሰጠን እንጨበጭባለን፤ የመንዝ ገበሬ ግን ከአውሮፓ ፓርኮች በፊት ሥራው ላይ ነበር። (መንዜዎች እዚህ ካላችሁ አሁን ማጨብጨብ ትችላላችሁ።)

ጣና ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዘጌ ስትሄዱ በዛፍ ጥላ ሥር በቡና መሐል እየተራመዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ፤ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ዙሪያው ተመንጥሮ ዘጌ ለምን ጫካ ሆኖ ቀረ? በገዳሙ ትውፊት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለነበር ነው። ሥዕሉን አይቶ ጫካውን የረሳ ግማሹን ሳያይ ነው የተመለሰው። ሐይቁ ላይ ግን እምቦጭ አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተስፋፋ ዓሣ አስጋሪውንም፣ ከብት የሚያጠጣውንም አስጨንቋል። ሊነቅሉት ውሃ ውስጥ የገቡ ወጣቶች አሉ፤ ከእናንተም መሐል እንዳሉ አውቃለሁ። አረሙ ካሜራ ከሄደ በኋላም ይበቅላል።

ስለ ደቡብና ምሥራቁ ብዙ ጊዜ የለኝም። የኮንሶን እርከን፣ የባሌን ሳነቴ፣ የሐረር ጀጎልን ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ። «የእኔ ሰፈር ይበቃኛል» የሚል ጉብኝት የለም፤ ኮንሶ ሄዶ የድንጋይ እርከኑን ያየ ልጅ የራሱን አያት ካብ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

አንዳንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ፤ የምትጠይቁት ሹፌሩንና እዚያ ያለውን ሰው እንጂ ፌስቡክን አይሁን። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ይቅር፣ ተራራው የትም አይሄድም። ተሰባስባችሁ ሂዱ፣ ወጪው ይካፈላል። ገዳም ስትገቡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ለፎቶ አስፈቅዱ። እህቶች፣ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማያስገቡ ገዳማት ስላሉ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ጀልባውንም ደርሶ መልስ ብላችሁ ተዋዋሉ። ስሜን ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጋቢ በቂ ነው ያለ ሰው እስከ ንጋት ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ ያድራል። ለጭላዳ ብስኩት አትስጡ። የውሃ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።