ልክን ስለ ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት የመድኃኒትን መጠን በእጅ ስልክ ስለ ማስላት ነው። ይህ አርእስት ለበዓል ቀን የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን የሳይንስ ክበባችን አባሎች በዚህ ዓመት ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የሚሆን የመጠን ማስሊያ መተግበሪያ ሠርተዋል። ሥራውም ዛሬውኑ ለሕዝብ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር ስለ ተነሣ፥ ነገሩን በሁላችሁ ፊት ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የእኔ አሳብ ይቆይ የሚል ነው፤ ምክንያቴንም በየተራው እዘረዝራለሁ።

መድኃኒት ከመርዝ የሚለየው ብዙ ጊዜ በመጠኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ለትኩሳት የሚሰጠውን ፓራሲታሞል እንውሰድ። ለሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ቢታዘዝለት 150 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ፥ 150ን ለ120 አካፍለን በ5 ስናበዛ 6.25 ሚሊሊትር እናገኛለን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሆኖም ይኸው መድኃኒት በጠብታ መልክ በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ሆኖ የተዘጋጀም አለ። ያንኑ 6.25 ሚሊሊትር ከዚህኛው ብልቃጥ የቀዳ ሰው ለሕፃኑ 625 ሚሊግራም ሰጠው ማለት ነው፤ ይኸውም ከታዘዘው ከ4 እጥፍ በላይ ነው። ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። በአሜሪካ አገር የጨቅላዎቹ ጠብታና የሕፃናቱ ሽሮፕ ጥንካሬያቸው የተለያየ ስለ ነበረና ስሕተት ስላስከተለ፥ በ2011 አምራቾቹ ሁለቱንም በ5 ሚሊሊትር 160 ሚሊግራም ወደ ሆነ አንድ ጥንካሬ ለማምጣት ወስነዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አረጋውያን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ነው። ኮክክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1976 ባወጡት ቀመር የኩላሊት አሠራር በግምት ይሰላል፤ ይኸውም 140 ሲቀነስ ዕድሜ፥ ሲባዛ በክብደት፥ ከዚያም በደም ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን በ72 ተባዝቶ ለእርሱ ይካፈላል፤ ለሴት ሲሆን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል። ሁለት ወንዶች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ቢመዝኑ፥ የደም ምርመራቸውም 1.4 ቢል፥ የ20 ዓመቱ ወጣት በደቂቃ 71 ሚሊሊትር ገደማ ሲያጣራ የ70 ዓመቱ አዛውንት 42 ገደማ ብቻ ያጣራል። እንግዲህ የምርመራው ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚገባቸው መጠን ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ የሚያሰላውን ሰው እናስበው። ከፊቱ ሰልፍ አለ፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ የማዘዣው ጽሕፈት ለማንበብ ያስቸግራል፤ እርሱም በካርቶን ጀርባ ላይ ቁጥር ያካፍላል። ለእንደዚህ ያለው ሰው አስተማማኝ ማስሊያ መስጠት ታላቅ እርዳታ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ የጀመሩት ሥራ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ ማስሊያው ራሱ ሲሳሳት ከካርቶኑ ይብሳል፤ በእጅ የተጻፈውን የሚጠራጠር ሰው ስልክ ያወጣውን ያምናልና። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት የስኳር በሽተኞች የኢንሱሊን መጠን የሚያሰሉባቸውን 46 የስልክ መተግበሪያዎች መርምሮ፥ 67 በመቶ የሚሆኑት ያልተገባ መጠን ሊያዝዙ እንደሚችሉ አገኘ። 91 በመቶው የገባላቸው ቁጥር የሚያስኬድ መሆን አለመሆኑን አይመረምሩም ነበር። በ2011ም አንድ ታላቅ የመድኃኒት ኩባንያ ለመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ያወጣው ማስሊያ የተሳሳተ ውጤት በመስጠቱ እንዳይጠቀሙበት ለሐኪሞቹ ደብዳቤ ጽፏል። ገንዘብና ሊቃውንት ያሉት ኩባንያ እንዲህ ከደረሰበት፥ እኛ ተማሪዎች ይልቁን ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ስለዚህ ሥራችን ከመውጣቱ በፊት በሚከተሉት ነጥቦች እንዲመዘን አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ባዶ ቦታ ሲተውለት ወይም የማይሆን ቁጥር ሲሰጠው መልስ አይስጥ። ለ1 ዓመት ሕፃን 10 ለማለት 100 ኪሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ቆሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፥ የመድኃኒቱን ጥንካሬ ራሱ አይገምት፤ ባለሙያው ከብልቃጡ ላይ አንብቦ እንዲያስገባ ያድርግ።

ሦስተኛ፥ ቀመሩንና የመጠኑን ምንጭ፥ መጨረሻ የታረመበትንም ቀን ያሳይ። ባለሙያው ከፈለገ በእርሳስ ሊያረጋግጥ ይችል ዘንድ ነው።

አራተኛ፥ የቁጥር አጻጻፉ አያሳስት። ግማሽ ሚሊግራም ሁልጊዜ 0.5 ተብሎ ይጻፍ፤ ዜሮው ከቀረ ነጥቡ ሳይታይ 5 ተብሎ ይነበባልና። አምስትም 5 ይባል እንጂ 5.0 አይባል፤ 50 ይመስላልና።

አምስተኛ፥ ኢንተርኔት በሌለበት ይሥራ፤ የበሽተኛንም ስም አይጠይቅ።

ስለ ማስተዋወቁም አንድ ቃል ልጨምር። አንዳንድ ጓደኞቼ በቴሌግራምና በቲክቶክ እንልቀቀው፥ ብዙ ሰው ባወረደው ቁጥር ስማችን ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን የዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚተዋወቀው ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ነው እላለሁ። አስቀድመን ለጥቂት የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች እናሳይ፤ እነርሱ በእጃቸው ያሰሉትንና መተግበሪያው ያወጣውን ጎን ለጎን ያስተያዩት። የማይችለውንም ከሚችለው ጋር አብረን እንንገራቸው። የመድኃኒት ነጋዴ ማስታወቂያም በውስጡ አይግባ፤ መጠን የሚናገር መሣሪያ የትኛውን መድኃኒት ግዙ ብሎ ሊመክር አይገባውምና።

ስንዘገይ የሚጎዳ ሰው አለ የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ የከፈተው ጉዳቱ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን እስከዚያው ድረስ ያለ ምንም መተግበሪያ የሚሠራ ሥራ አለ። ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ክብደት አስመዝናችሁ ዕወቁ፤ መድኃኒት ቤት ስትሄዱም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሽሮፕ ስትሰጡ የቤት ማንኪያ ሁሉ መጠኑ እኩል ስላልሆነ፥ መርፌ የሌለውን መለኪያ ስሪንጅ ተጠቀሙ። ይህን በየሰፈሩ ማስተማር ከነገ ጀምሮ ልንሠራው የምንችለው ነው።

በአገራችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተዋጠ መድኃኒት ግን አይለቀምም።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ሥራው ከቆየ የሚጨርሱት የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይሆናሉ፤ ምስጋናውም ለእነርሱ ይደርሳል። ይህ ሌሊት ሳይተኙ ለሠሩት ጓደኞቼ እንደሚከብድ ዐውቃለሁ። ቢሆንም የማናውቀው ሕፃን ደኅንነት ከስማችን መጠራት ይበልጣል። በመካከላችሁ የመድኃኒት ባለሙያ የሆናችሁ ወላጆች ካላችሁ፥ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ሰጥታችሁ ሒሳባችንን እንድትመረምሩልን በክበቡ ስም እለምናለሁ።