ዓይን ምን ያህል ይሠለጥናል?

የዓይን ሐኪሟ እስክሪብቶ በክንዳቸው ርቀት ይዘው ቀስ እያሉ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ በተካሄደው የማኅበረሰብ ውይይት የተገኘው ሰውም እስክሪብቶ ያለው እስክሪብቶ፣ የሌለው የመኪና ቁልፉን አውጥቶ ተከተላቸው። አዳራሹ በተንሸዋረረ ዓይን ተሞላ፤ ሳቁም አልቀረ።

ጤነኛ ዓይኖች ጫፉ አፍንጫ ሥር እስኪደርስ አብረው ወደ ውስጥ ይዞራሉ። አንዳንዱ ግን ገና ከሩቁ ሁለት እስክሪብቶ ያያል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያነብ ፊደሉ ይደራረብበታል፣ ግንባሩን ያመዋል፤ ቤት ውስጥ ግን «ሰነፍ» ይባላል።

ሥልጠና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህ ችግር ያለባቸው ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 221 ልጆች ለ12 ሳምንታት ተለማመዱ። ክሊኒክ ከባለሙያ ጋር ሠልጥነው ቤትም ከደገሙት 73 በመቶው፣ ቤት በእርሳስ ብቻ ከተለማመዱት 43 በመቶው ተሻላቸው። ለማስመሰል የተሰጠው ልምምድ እንኳ 35 በመቶውን አሽሏል። እንግዲህ በዩቲዩብ ልምምድ «ዳንኩ» የሚል ሰው ምስክርነት ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

«እኔስ? ስልክ ሳነብ እጄ አጠረኝ እኮ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባባ፣ የእርስዎ ሌላ ነው።» ከ40 ዓመት ወዲህ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ጡንቻው ቢበረታም የጠጠረውን አያጎብጠውም። የኒውዮርኩ ሐኪም ዊልያም ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ በልምምድ መነጽር መጣል ይቻላል ብለው ነበር። ለቅርብና ለሩቅ እይታ የሚስተካከለው ሌንሱ አይደለም የሚለው መነሻቸው ግን ስሕተት ነው። ለሽማግሌው የሚበጀው የማንበቢያ መነጽር ነው።

ኮምፒውተር ላይ ለሚውሉ ምክሩ አጭር ነበር፦ ዓይንን ማርገብገብ አለመርሳት፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል አርቆ ማየት። ይህ ያሳርፋል እንጂ አያጠነክርም።

ክርክሩ የጦፈው የሌሊት ታክሲ ሹፌሮች ቢጫ መነጽራቸውን ሲያወጡ ነው። የፊት መብራት ነጸብራቅን ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው ይህ መነጽር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በመንጃ ሲሙሌተር ሲፈተን እግረኛን ቶሎ ለማየት አልረዳም። ሐኪሟን ይበልጥ ያሳሰባቸው ግን ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ነው። ያለ ሕመም የጎን እይታን ይወስዳል፤ የሞተውን ነርቭ የሚመልስ ልምምድም የለም። አሜሪካ ውስጥ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡት ጥቁሮች ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ብሌናቸው በጠብታ ሰፍቶ እንዲመረመሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ፣ ሹፌር ቀጠሮውን በዕረፍት ቀኑ ቢይዝ ይሻለዋል።