መደበቂያ የሌለበት ትምህርት ቤት

(በማኅበራችን የወላጆች ቀን ከተደረገ ንግግር)



 አዘጋጆቹ ስለ ልጆች ትምህርት እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በመካከላችን ሐኪሞችና መምህራን እያሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦ የወጣ ታክሲ ነጂ ምን ይናገራል? ሆኖም ልጄ እዚህ ዋሽንግተን ከተማ በአንድ ትንሽ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ብዙዎቻችሁም ባገኛችሁኝ ቁጥር «እንዴት አስገባሃት? ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» ስትሉኝ ስለ ከረማችሁ ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ልመልስ።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ኢንዲፔንደንት የሚባለው ትምህርት ቤት የመንግሥት አይደለም። በሀገረ ስብከት ሥር ካሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም ይለያል። የሚመራው በራሱ ቦርድ፣ የሚኖረውም በወላጆች ክፍያና በለጋሾች ስጦታ ነው። ቻርተር የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ እሱ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደርና በነጻ የሚያስተምር ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «ቻርተር ውድ ነው» ብሎ የተወ አባት አውቃለሁ።

ከግሎቹ መካከል ታሪክ ያላቸውም አሉ። ጆርጅታውን ዴይ ስኩል እ.ኤ.አ. በ1945 ሲከፈት በዚህች ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው ነበር የሚማሩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን የሻረው በ1954 ነው። እነዚያ ጥቂት ቤተሰቦች ዘጠኝ ዓመት ቀድመው ልጆቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። የሰባት ብር መንገደኛ አሳፍሬ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ስለ ዋጋው አልዋሻችሁም። ስመ ጥር የሆኑት በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ቁጥሩን ያየሁ ዕለት ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ኤርፖርት ሄጄ ተሰለፍኩ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር፣ የተጻፈውን ዋጋ ሁሉም ሰው እንደማይከፍል ነው። ከመግቢያ ማመልከቻው ጎን ለጎን ፋይናንሻል ኤይድ የሚሉት የእርዳታ ቅጽ አለ። ገቢህን፣ ዕዳህን፣ የምታሳድጋቸውን ልጆች ብዛት ይጠይቃል። እንደኛ ለራሱ የሚሠራ ሰው የቤንዚኑን፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ወጪ የሚያሳይበት ቦታም አለው። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ ላይ ያልቃል። እርዳታው በየዓመቱ እንደገና ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ገቢያችንን ለባዕድ መንገር ነውር ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ቅጹን ሳልሞላ ቀኑ አለፈ፤ ልጄ በኔ ኩራት የተነሣ አንድ ዓመት ዘግይታ ገባች።

ወደ ኑሯቸው ልመለስ። በክፍሏ 14 ልጆች ናቸው። ጠረጴዛ ከበው ስለሚቀመጡ የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ሮጣ የማታውቅ ልጅ የሩጫ ቡድን ውስጥ ገባች፤ ቡድኑ የሰው እጥረት ስላለበት ማንም አይቀርም። መምህራኑን በስማቸው ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ደንግጬ «ቲቸር በይ!» ብዬ ተቆጣኋት። እሷም «አባዬ፣ እንደዚያ ብዬ ብጠራቸው ይስቁብኛል» አለችኝ። እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል። አውቶቡስ የለም፤ ማለዳ አደርሳለሁ፣ ማታ ከአንዲት እናት ጋር ተራ ገብተናል።

አምና ክፍሉ በሙሉ ለሦስት ቀን ወደ ተራራ ካምፕ ሄደ። ልጄ «አሞኛል» ብላ ቀረች። እኔ ሌሊቱን ሠርቼ ተኝቼ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አድቫይዘር የሚሏት፣ አሥር ልጆችን ብቻ የምትከታተል መምህርት ናት። «ትናንት ደህና ነበረች፤ ሌላ ምክንያት አለ ወይ?» አለችኝ። ልጄን ጠየቅኳት። የመኝታ ከረጢትና የተራራ ጫማ ግዙ የሚል ወረቀት መጥቶ ነበር። «ያን ሳምንት መኪናህ ጋራዥ ነበረች» አለችኝ። ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቃዋለች።

ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም፤ ወላጆች ናችሁ። ለካስ ትምህርት ቤቱ ዕቃውን የሚያውስበት ክፍል ነበረው። ከሰዓት በኋላ ሜትሩን ዘግቼ ሁለት ሰዓት ነድቼ ወሰድኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከትምህርት ቤቱ በር አንድ ብሎክ ራቅ አድርጌ ነበር የማወርዳት። እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔው ነኝ። ያን ዕለት ግን ታክሲዋን ካምፑ ሜዳ መካከል አቆምኳት። ልጆቹ ከበውኝ የጣሪያውን መብራት አብራልን አሉኝ፤ አበራሁላቸው።

ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ትምህርቴን ስተው በአዳራሹ ከሦስት መቶ በላይ ነበርን። ወንበሬ ባዶ ሲሆን ከዶርም ጓደኞቼ በቀር የጠየቀ አልነበረም። ወቅቱም ክፉ ነበርና በማንም አልፈርድም። ቢሆንም አንድ ሰው ደውሎ «ሌላ ምክንያት አለ ወይ?» ቢለኝ ኖሮ እላለሁ።

ይህን ስል ሁላችሁም ልጆቻችሁን ወደዚያ ውሰዱ ማለቴ አይደለም። የሁለተኛው ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ከዚያ አላነሳውም። ትልቋ የምትማርበት ደግሞ የራሱ ጉድለት አለው። ከኛ ወገን በክፍሏ ብቻዋን ናት። አንዲት ልጅ ስታኮርፍ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያኮርፋል። የበጎ አድራጎት ሰዓቷን እዚሁ ቅዳሜ ለሕፃናቱ ፊደል በማስቆጠር እንድትሞላ የለመንኩት አማርኛዋ እየሸሸ ስለ አስፈራኝ ነው። ያየኋት ቀን ግን «ሀ ሁ»ውን ራሷ እየተሳሳተች፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሲያርማት አገኘኋት።

ከቡና በኋላ ኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ያምናውን የታክስ ወረቀት የያዘ ሰው ካለ ቅጹን አብረን እንሞላለን። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አላነብም።