ቃል አልባ መጽናኛ፦ «ፓራዳይዝ ሮድ» እና እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ



የብሩስ ቤረስፎርድ «ፓራዳይዝ ሮድ» እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ ብዙም ሳይነገርለት ያለፈ ድራማ ነው። መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሱማትራ ደሴት በጃፓን ጦር የታሰሩ ሴቶች እውነተኛ ታሪክ ነው። ሚስዮናዊቷ ማርጋሬት ድራይበርግና ሙዚቀኛዋ ኖራ ቼምበርስ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተደረሱ ሥራዎችን ከትውስታ ጽፈው ለሰው ድምፅ አዘጋጁ። መሣሪያ አልነበረም፤ የእስረኞቹም ቋንቋ የተለያየ ነበር። ስለዚህ ዜማውን ያለ ቃል ተቀባበሉት። ዝማሬው ከረሃብና ከሞት አላዳናቸውም፤ ብዙዎቹ ሲያልፉም ተቋረጠ። ሆኖም በዘመሩባት ሰዓት በቁጥር የሚጠሩ እስረኞች ሳይሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ታሪክ እማሆይ ጽጌ ማርያምን ያስታውሰኛል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በስዊዘርላንድ የተማሩት እማሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር በፋሺስት ኢጣሊያ ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፤ ቀጥሎም በግሸን ማርያም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አረፉ።

እማሆይን የምናውቃቸው በአብዛኛው ቃል በሌለው ፒያኗቸው ነው። እኛ ግን ዜማን በግጥሙ መመዘን ለምደናል፤ ሰምና ወርቅ ስንፈልግ ድምፁ ያመልጠናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሬቤካ ሆል ድራማ «ፓሲንግ» የሁለት ሴቶችን የተደበቀ ጭንቀት ሲያሳይ የእርሳቸውን ፒያኖ መረጠ። ባዕድ ጆሮ የሰማውን እኛም ልንሰማው ይገባል።

ጥበቡ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ሆድ ሲብሳቸው እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ፤ ቃሉ ሲያልቅ ዜማው ይቀጥላል። እንጎርጉሮ ሐዘንን አያጠፋም፤ የሚሸከሙበትን ጉልበት ይሰጣል እንጂ።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የፊልም ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ስለ ሴት ሐዘን ስትጽፉ ሁሉን በንግግር ለማስረዳት አትቸኩሉ። ከዚያም በፊት ወደ ቤታችሁ ሂዱና የአያቶቻችሁን እንጎርጉሮ በፈቃዳቸው ቅረጹ። ያልተቀረጸ ድምፅ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።