መርሳት ለጸናባቸው አረጋውያን ስለሚስማማ ቤት የተደረገ ንግግር



ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የቈረቈሩት ከተማ ስሙ አሰበ ተፈሪ ነበረ። ዛሬ በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ጭሮ ነው። ለወጣቱ ሁለቱም ስም አንድ ቦታ ነው፤ መርሳት ለጸናባቸው አዛውንት ግን የሚታወቃቸው ፊተኛው ብቻ ሊሆን ይችላል። እኒህ ሰው በአውራ ጎዳናው ዳር ቆመው «አሰበ ተፈሪ በየት በኩል ነው?» ብለው ቢጠይቁ ልጆች ይስቁባቸዋል፤ የቆሙበትን ይጠይቃሉና።

እንዲህ ያለውን ሰው «ጃጀ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሐኪሞች ግን ነገሩ የእርጅና ጠባይ ብቻ ሳይሆን አንጎልን የሚጐዳ ደዌ እንደ ሆነ ያስረዳሉ። ከዚህም ደዌ ዓይነቶች ዋናውን አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ገለጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የታማሚዎቹን ቍጥር 57 ሚሊዮን አድርሶታል፤ ከመቶው ከ60 የሚበልጠውም የሚኖረው ሀብታም ባልሆኑ አገሮች ነው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። መድኃኒት ያልደረሰበትን ግን በደኅና የተሠራ ቤት በመጠኑ ይደርስበታል።

ዛሬ በየቤቱ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በር መቈለፍ ነው። ልጅ ለሥራ ሲወጣ እናቱን ቈልፎባቸው ይወጣል። ይህንም በክፋት አያደርገውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ጎዳና ጭሮንና ሒርናን እየሰነጠቀ ያልፋልና፥ መኪናውን ፈርቶ ነው። እናቲቱ ግን የታሰሩበትን ምክንያት አያውቁም፤ በሩን ሲደበድቡ ይውላሉ።

በሆላንድ አገር ዌስፕ በምትባል ከተማ በ2002 ዓ.ም. ሆሄቬይክ የተባለ ሰፈር ተከፈተ። በዚያም በ23 ቤቶች፥ በየቤቱ ስድስት ወይም ሰባት ሕሙማን ሆነው ተቀመጡ፤ ሱቅ፥ ቡና ቤትና አትክልት ተሠራላቸው። እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ፤ ዙሪያው ግን የተዘጋ ነው። በጃፓንም በአንድ ቤት የሚያኖሩት ከ5 እስከ 9 ሰው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሆላንዶች በብዙ ገንዘብ የሠሩት ሰፈር በጭሮ፥ በገለምሶና በበደሳ ሳይሠራ አለ። ባለ ሱቁ አዛውንቱን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ የጐረቤት ልጅ እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። የጐደለው ሰፈሩ ሳይሆን በሰፈሩ ውስጥ የሚቆመው ቤት ነው።

በአዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ብዙ ሺሕ ሰው አንሥቷል። ሰው ለሌለው ሰው ሆኗልና ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ልጅና ጐረቤት ላላቸው ለጨርጨር አረጋዊ ወደ ሩቅ ከተማ መወሰድ ከመርሳቱ በላይ ሌላ መጥፋት ይሆንባቸዋል።

እንግዲህ ቤቱ ምን ይምሰል? ትንሽ ይሁን፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃዋል። ከአልጋ ላይ ሆነው መጸዳጃውን የሚያዩት ይሁን፤ ያላዩትን በር አይፈልጉትምና። የመጸዳጃው በር ከግድግዳው በቀለም ይለይ። ወለሉ አያብለጭልጭ፤ የሚያብለጨልጨው ውሃ ይመስላቸዋል፤ ጥቁር ምንጣፍም ጕድጓድ ይመስላቸውና ሊረግጡት ይፈራሉ። መስተዋትም ሊያስደነግጣቸው ይችላል፤ በውስጡ የሚያዩትን ሽማግሌ አያውቁትምና። ያረጀ ዓይን ብዙ ብርሃን ይሻል፤ ስለዚህ መስኮቱ ሰፊ ይሁን። በግቢው ዙሪያ የሚዞር መንገድ ይበጅ፤ የሄደበት ሰው ሳይጠፋ ከተነሣበት ደጅ የሚመልሰው ነው።

ደረጃና ከፍ ያለ የበር ደፍ አይኑር። ለአንድ ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር ቀስ ያለ ዳገት ያስፈልጋል፤ ይህም በጭሮ ተዳፋት ላይ ቀላል አይደለም። በነጻ ተገኘ ተብሎ ቀጥ ካለ ዳገት ላይ መሬት መቀበል ኋላ ያስጸጽታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ ለማይወጡ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ሕንፃዎች ደጅ መመልከት ነው! ለሚኤሶ ቆላ ጥላ ያለው ሰፊ በረንዳ ይሻላል፤ ለኩኒ ደጋ ግን ፀሐይ የሚገባበትና ብርድ የማያስገባ እልፍኝ።

ከሁሉ ይልቅ ምድጃው መካከል ላይ ይሁን። ስም የረሳች እጅ ቡና መልቀምን አትረሳም፤ ሽታውም የት እንዳሉ ይነግራቸዋል። ሠራተኞቹም አረጋውያኑ በሕፃንነታቸው የተናገሩትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ። በኋላ የተማሩት ቋንቋ አስቀድሞ የሚጠፋባቸው ብዙዎች ናቸውና፥ ዕድሜ ልካቸውን በአማርኛ የነገዱ ሰው በመጨረሻ በኦሮምኛ ብቻ ውሃ ሊለምኑ ይችላሉ። እስላም ጐረቤትም በዚህ ቤት የራሱን ጸሎት የሚያደርስበት ስፍራ ያስፈልገዋል።

ይህን ማን ያቆመዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ነገር ግን ከመንግሥት አስቀድሞ በየሰፈሩ የሚገኘው ዕድር ነው። ሰው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ሲመርቅ ሁለቱን በአንድ ቃል ይናገራል፤ ዕድር ግን ቀባሪነቱን ይዞ ጧሪነቱን ተወው። ድንኳን፥ ወንበር፥ ድስትና ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ የሚወጡትም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን በየከተማው ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕያዋን ሕሙማንን ረድተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

የሚከብደው ግንቡ ሳይሆን ሌሊቱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ ይታወካሉ፤ «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያሉ ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ ሳይቈጣ የሚያጫውትና ይዞ የሚያዞር ሰው መንቃት አለበት። አንዲት ሴት ይህን ለወር ሙሉ ብቻዋን አትችለውም፤ ቢያንስ ሦስት ሰው እየተፈራረቀ ሊያድር ይገባል። ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም፤ በግድግዳው ላይ ስሙ ይጻፋልና። የሌሊት ጠባቂዎች ደመወዝ ግን በየወሩ ይመጣል። እንግዲህ የየዕድሩ ሹማምንት መሠረት ከመቈፈራቸው በፊት ተቀምጠው ሊቈጥሩት የሚገባው ይህ ሒሳብ ነው።