ጨዋ ማን ናት?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

እናቶቼና እህቶቼ፣ በተለይ ከገላን ጉራ ታክሲ ስትቀያይሩ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ከተበተንን ወዲህ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰብሳቢያችን "ሁልጊዜ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ቁጠባ ከምናወራ፣ አንድ ቀን ደግሞ ልብ ደስ የሚያሰኝ ነገር አቅርቢልን" አለችኝ። እኔም የአስቴር አወቀን "ጨዋ" የተባለ አልበም መረጥሁ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ራሳችን ጉዳይ እመለሳለሁ፤ ከአሁኑ ልናገር።

አስቴር የተወለደችው ጎንደር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1959። ያደገችው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በከተማው ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች መዝፈን ጀመረች፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ ዋሽንግተን ተቀመጠች። "ካቡ" በ1991 ሲወጣ ውጭ አገር ያለ ሰው ሁሉ ስሟን አወቀው። "ጨዋ" የወጣው በ2019 ነው፤ ከእሱ በፊት ከነበረው "እወድሃለሁ" ስድስት ዓመት ቆይቶ። ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ አስቴር ያን ጊዜ 60 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በእኛ ሰፈር 60 የሞላት ሴት "እንግዲህ ንስሐ ትግባ" ነው የምትባለው። እሷ ስቱዲዮ ገባች።

የድሮ ካሴቶቿን የምታውቁ ልዩነቱን ትሰሙታላችሁ። ድሮ ድምጿ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። አሁን እንደ ትልቅ ሴት አረማመድ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ወጣት ለመምሰል ስትታገል አልሰማኋትም። ይህን ነው የወደድሁላት።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ስሙ ነው፤ ጨዋ። ይህ ቃል ብዙ መልክ አለው። በጥንት ዘመን የንጉሥ ጦር "ጨዋ" ይባል ነበር። በቤተ ክህነት ደግሞ ያልተማረው ምእመን ጨዋ ነው። ለእኛ ለሴቶች ሲሆን ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፦ አንገቷን የደፋች፣ ድምጿ የማይሰማ።

እናቴ ካዛንቺስ ጠላ ትሸጥ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ልብስ ሳጥብ እዘፍን ነበር። አንድ ጠላ ሊጠጣ የመጣ ሰው "ይህችን ልጅ ባንድ ያላቸው ሰዎች ዘንድ ልውሰዳት" ቢላት፣ "አዝማሪ አልወለድሁም! ጨዋ ልጅ ናት" ብላ አባረረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስዘፍን ከሰማችኝ ውሃውን ትደፋብኝ ነበር። እናቴን አልወቅስም። "ጠላ ሻጭ" እየተባለች እሷ ያጣችውን ክብር ለእኔ ማትረፍ ፈልጋ ነው።

ያን ዘመን የዘፈኑ ሴቶች ሁሉ በዚህ ቃል ተመዝነዋል። አስናቀች ወርቁ ክራር ስትደረድርና መድረክ ላይ ስትተውን፣ ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ስትዘፍን፣ ሰዉ ማታ እያጨበጨበ ጠዋት ያማቸው ነበር። አስቴር የብዙነሽን ዘፈን እየሰማች ነው ያደገችው። ከአርባ ዓመት ሥራ በኋላ አልበሟን "ጨዋ" ብላ ስትሰይም፣ እሷ ያሰበችው ምንም ይሁን ምን፣ እኔ የሰማሁት "ቃሉ የእኛም ነው" ስትል ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልምጣ። ባለፈው ወር ሁለት ሴቶች አባል ለመሆን አመለከቱ። አንዷ ማታ ማታ ትዘፍናለች፤ ሌላዋ ቡና ቤት አስተናጋጅ ናት። ከመካከላችን "እኛ ጨዋ ሴቶች ነን፤ ስማችን ይጎድፋል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ማን እንዳለው አላነሳም፤ እኔም ዝም ብዬ ነበርና። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ብታመለክት ኖሮስ አልኩ። ከመካከላችን ከጠላ፣ ከጠጅ ወይም ከአረቄ በተገኘ ገንዘብ ደብተር ያልተገዛላት ስንት ናት?

ደንባችን የሚጠይቀው የወር መዋጮ፣ በስብሰባ መገኘትና የታመመ መጠየቅ ነው። የሥራ ሰዓት አይጠይቅም። "ብድር ወስደው ቢጠፉስ?" ላላችሁት ሥጋቱ እውነት ነው፤ ከቀን ሠራተኛም የጠፋብን አለ። መፍትሔው ዋስ ነው፤ እንደማንኛችንም ዋስ ያምጡ። "ማታ ሠርተው ጠዋት አይመጡም" ላላችሁት ደግሞ፣ ስብሰባውን ከሰዓት በኋላ እናድርገው። ለገላን ጉራዎቹም ይሻላል፤ ዛሬ በሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት።

አስቴር ያን ሁሉ ዘመን ብቻዋን አልሠራችም። ዘፈን ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ባንድ አይቆምም። በልጅነቷ በሯን ሁሉም ቢዘጋባት ኖሮ በ60 ዓመቷ የምንሰማው አልበም አይኖርም ነበር። እነዚህ ሁለቱም በ60 ዓመታቸው የሚያሳዩን ነገር ይኖራቸው ይሆናል፤ ዛሬ በሩን ከከፈትንላቸው።

ስለዚህ ድምፅ እንስጥ። የእኔ "ይግቡ" ነው። ለዘፋኟ ዋስ ካስፈለገም ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተከራይቼ አለሁ፤ ቤቴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዋሷ እኔ ነኝ።

እጅ ከማውጣታችን በፊት ግን ቡናው ደርሷል። ልጄ በስልኳ አልበሙን ትክፈትልን፤ እየሰማን እናስብበት።